ፊቱ ዜሮ ያለበት ቁጥር

ሐምሌ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ሰቆጣ።

የዝናብ ጣቢያ 11 እና 12 ዛሬም ዝም ብለዋል። መዝገብ የምትይዘው ባልደረባዬ አዜብ የሰኔን የዝናብ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ከ1 እስከ 10 ያለው ረድፍ በሙሉ ተሞልቷል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ባዶ ናቸው። በባዶው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይበልጣል» ብላ ስሜን ጽፋበታለች። ጠይቄ እንድመልስ ነው፤ ወይም ጥፋቱ የእኔ ነው ማለቷ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ 12 በእግሬ ሄጄ አይቻለሁ። ከሰቆጣ በላይ ደጋው ላይ ነው። የዝናብ መለኪያው ደኅና ቆሟል። እዚያው እያለሁ ዘነበ፤ ጽዋው እየሞላ ሲደፋ በጆሮዬ ሰማሁ። የቦርዱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል። ጠባቂው ዝናቡ የተመዘገበበትን ካርድ ከቦርዱ ያወጣል፤ በገበያ ቀን ለአዜብ ያስረክባል፤ እሷ ከሌሎቹ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ወር ሲያልቅ አሥራ ሁለቱንም ካርዶች በኮምፒዩተሯ ታነባለች። ካርዱ ላይ በእጅ የሚጻፍ ነገር የለም። የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ቦርዱ ራሱ በውስጡ ይጽፋል።

እንግዲህ በጆሮዬ የሰማሁት ዝናብ የት ገባ?

ደብተሬ ሆይ፣ አንተ ስለማትመልስ እጠይቅሃለሁ።

ቀትር 7 ሰ.። ፕሮግራሙን የጻፉት አለቃዬ ኢ/ር ዳዊት ከአ.አ. በአውቶቡስ አዲስ ላፕቶፕ ልከዋል። የድሮው የኬብል መግቢያው ላልቶ ቦርድ አይቀበልም። ትእዛዛቸው፦ የ11ን እና የ12ን ቦርድ አስመጣ፤ ፕሮግራሙን እንደገና ጫንባቸው። ቦርዱ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት፤ ፕሮግራም ካልተጫነባት ዝናብ መቁጠር አታውቅም። በሚያዝያ አሥራ ሁለቱንም የጫንኩት እኔ ነኝ። ኢ/ሩ ያስጻፉኝ አሥራ አራት ደረጃዎች በጀርባህ ሽፋን ላይ አሉ። እያንዳንዱ ደረጃ ስለ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ተራውን ከጠበቅህ አትሳሳትም ተብያለሁ። ተራውን ጠብቄያለሁ። ግን ሁለቱ ዝም ብለዋል፤ እጄ የነካው ነገር ሁሉ እንደሚበላሽ ይሰማኛል።


ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ፣ 10 ሰ.።

ጠባቂዎቹ ሁለቱንም ቦርዶች በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። በአዲሱ ላፕቶፕ ጀመርኩ። እስከ 5ኛው ደረጃ ሰላም ነው። 6ኛው ላይ ጥቁሩ መስኮት በእንግሊዝኛ ሞላ፤ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ሦስት ጊዜ ያንኑ አለ። ጽሑፉን አንድ በአንድ ሥዕል እንደሚገለብጥ ሰው ገለበጥኩት።

የመ/ቤቱ ስልክ ከቀትር በኋላ ሠራ። ለኢ/ሩ፣ አበላሸሁት መሰለኝ አልኳቸው። አንብብልኝ አሉ። አነበብኩ። ሳቁ። አንተ አይደለህም፣ ላፕቶፑም አይደለም፣ ፓይተኑ ነው አሉኝ። እንደገባኝ ልጻፈው። የመጫኛው ፕሮግራም የተጻፈበት ቋንቋ ፓይተን ይባላል። በድሮው ላፕቶፕ ላይ ያለው ሁለተኛው ነው፤ በአዲሱ ላይ ያለው በቅርቡ የወጣው ሦስተኛው። ሦስተኛው ከሁለተኛው አንዳንዱን ደንብ ጥሏል። ስለዚህ ለሁለተኛው የተጻፈውን ሲያነብ መንገድ ላይ ይቆማል።

ፕሮግራሙ አልተነካም። ላፕቶፑ አዲስ ነው። እኔም ተራውን ጠብቄያለሁ። ማንም ሳያጠፋ ሥራ ሊጠፋ እንደሚችል እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

አዜብ ሁሉንም ሰምታ፦ «ሦስተኛ ነው አልክ? ታዲያ ምን ያስፈራሃል፤ አንተ አራተኛ ክፍል ነህ፣ በአንድ ትበልጠዋለህ!» ዲፕሎማ ያላት ሴት ናት፤ ቀልዷ አይጎዳም ልል እፈልጋለሁ።


ሐምሌ 23፣ ሐሙስ።

መጠበቅ። ኢ/ሩ ሁለተኛውን ፓይተን በሲዲ ልከው በአውቶቡስ እስኪደርስ ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚህ በስልክ መስመር ለማውረድ መሞከር ከንቱ ነው። ይልቅ ፕሮግራሙን ለሦስተኛው እንዲስማማ አስተካክለው በኢሜይል ይልካሉ።

ዛሬ ከተማው ላይ ዘነበ። ጥሩ ዝናብ። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ አገሬን ቢቸናን አሰብኩ። አሁን እዚያ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ነው፤ አባቴ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ነው። የእኛ ቤት ስለ ዝናብ የሚጨነቅ ሰው አያውቅም፤ መቼ ያባራል እንጂ መቼ ይመጣል አይባልም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰዎች ደመና ሲያዩ ንግግር እንደሚያቆሙ ተማርኩ። ለቤት በጻፍኩት ደብዳቤ «የመሣሪያ ኃላፊ» ነኝ ብያለሁ። ከተሰናበትኩ ምን ብዬ እመለሳለሁ?


ሐምሌ 25፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰ.።

ኢሜይሉ ደረሰ። አዜብ ለማውረድ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀባት፤ ሁለት ጊዜ መስመሩ ተቋረጠ፣ ሁለት ጊዜ ተሳደበች።

6ኛው ደረጃ አለፈ! 7፣ 8 አለፉ። 9ኛው የጣቢያውን ቁጥር ይጠይቃል። እንደ ልማዴ 011 ብዬ ጻፍኩ። እንደገና ቆመ። አሁን የሚለው ሌላ ነው። ስልክ። ኢ/ሩ ራሳቸውን ወቀሱ፤ አንድ ቦታ ዘንግተዋል። ሁለተኛው ፓይተን በቁልፉ የተጻፈለትን ቁጥር ራሱ ተርጉሞ ይቀበል ነበር፤ ሦስተኛው ግን ቁጥር ነው እስኪባል ድረስ እንደ ተራ ቃል ይይዘዋል። ማስተካከያውን ፊደል በፊደል አስጻፉኝ። አይ እንደ አይሱዙ፣ ኤን እንደ ናዝሬት፣ ቲ እንደ ትግራይ፣ ከዚያ ቅንፍ ክፈት። ቅንፍ መዝጋቱን ረሳሁ፤ «በሩን ዝጋው እንጂ!» ብለው ጮኹ።

ሠራ። መብራቷ ብልጭ አለች። በዚህ ዓመት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታው የቆየው አንድ ደቂቃ ነው። ኢ/ሩ በአዲሱ ላይ ለማጣሪያ የሚሆን አንድ መስመር ጨምረዋል፤ ቦርዱ ቀድሞ ምን ቁጥር እንደነበረው ያሳያል። እንዲህ ይላል፦ የነበረው 9፣ አሁን 11።

ዘጠኝ?

12ን ጫንኩ። የነበረው 10፣ አሁን 12።

9 እና 10 በየቦታቸው ቆመው ዝናብ ሲቆጥሩ ነው የከረሙት። እንዴት ሁለት ሁለት ይሆናሉ? ለአዜብ አልነገርኩም። ሰኞ ለኢ/ሩ።


ሐምሌ 27፣ ሰኞ፣ 5 ሰ.።

ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ኢ/ሩ የድሮውን ላፕቶፕ አስከፈቱኝ። ኬብል ባይቀበልም ይጻፍበታል። 011 ብለህ ጻፍ አሉ። ጻፍኩ። 9 ብሎ መለሰ። 012። 10 አለ። 010። 8 አለ። ኢ/ሩ ቁጥሮቹን በስልኩ ደገሟቸው። ከዚያ በዝግታ፦ ዜሮውን ማን ጨምር አለህ?

ማንም። ማለቴ ጋሽ አበራ። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ እህል መጋዘን ተሸካሚ ሆኜ ስገባ ጽሕፈት ያስተማሩኝ የመጋዘኑ ጸሐፊ ናቸው። ደብዳቤ ገልብጬ እንድጽፍ ያደረጉኝ፣ «ሆይ»ን እና «እንግዲህ»ን ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ቁጥር በሦስት ቤት ይጻፋል ይሉ ነበር፤ 10 ኩንታል 010 ነው። ፊቱ ክፍት ከተተወ ሌላ እጅ አንድ ቁጥር ይጨምርበታልና። ስምንት ዓመት እንዲህ ጻፍኩ። የንጽሕና ምልክት ነው የሚመስለኝ።

ኢ/ሩ አስረዱኝ። ሁለቱን አውራ ጣቶችህን እጠፍ። ስንት ቀረህ? ስምንት። ሁለተኛው ፓይተን ፊቱ ዜሮ ያለበት ቁጥር ሲያይ አውራ ጣት እንደሌለው ሰው ነው የሚቆጥረው። ስምንት ላይ ሲደርስ ጣቱ ያልቅበታል፤ ያንን «አንድ ሙሉ» ብሎ 010 ይለዋል። ስለዚህ የእኔ አሥር ለእሱ ስምንት ነው፤ አሥራ አንዴ ዘጠኝ፤ አሥራ ሁለቴ አሥር። በሦስተኛው ላይ ያ ደንብ ቀርቷል፤ እሳቸው ባስጻፉኝ ቃል 011 አሥራ አንድ ይሆናል። ሦስተኛው ባይመጣ ኖሮ አይታወቅም ነበር።

አሁን ልናዘዝልህ። በሚያዝያ 008 ብዬ ስጽፍ ማሽኑ እምቢ አለኝ። 009ንም። ስምንት ጣት ላለው ሰው 8 እና 9 የሚባል ፊደል የለምና። እኔ ግን ያኔ ምን አደረግሁ? ዜሮዎቹን አንሥቼ 8 እና 9 ብዬ አሳለፍኩ፤ 010 ላይ ወደ ልማዴ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አራተኛ ክፍል ነው፣ አያውቅም እንዳይሉኝ ነው። ያን ቀን ብጠይቅ ኖሮ የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር።

እንግዲህ በወረቀት አስቀመጥኩት። የ10 ዝናብ በ8 ስም ገብቷል። የ11 በ9 ስም። የ12 በ10 ስም። 11 እና 12 ባዶ የሆኑት ስለዚህ ነው።

10 አበርገሌ ነው፤ ቆላ። 12 ደጋ ነው፤ ሲዘንብበት የሰማሁት።


ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ። የገበያ ቀን።

አቶ ኪሮስ መጡ። የ10 ጠባቂ፣ የስልሳ ዓመት ሰው፣ ከአበርገሌ። ካርዱን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በኃይል አኖሩት። ቀበሌያቸው ከእርዳታ ዘር ዝርዝር ወጥቷል። ዝርዝሩን የሚወስነው ኮሚቴ፣ የእናንተ ጣቢያ በቂ ዝናብ አሳይቷል ብሏቸዋል። የመጨረሻው ዝርዝር ነሐሴ 5 ይዘጋል።

አዜብ ሠንጠረዡን አሳየቻቸው። እውነትም በ10 ረድፍ ላይ ዝናብ ሞልቷል።

«ይህ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው አባቴ፣ ጣቢያ 10።»

«በሳጥናችሁ ውስጥ ዘንቧል በይኛ! በሉ ሳጥኑን ስጡኝ፣ እሱኑ ልረሰው!»

አብረዋቸው የመጡት ጎረቤታቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም። በኽምጣኛ ተነጋገሩ። አቶ ኪሮስ ወደ እኔ ዞረው፦ «አንተ ወዲ ጎጃም፣ የዝናብ አገር ልጅ ነህ፤ ይህ ሳጥን አበደ ወይስ እኛ ነን?» አጣራለሁ አልኳቸው። ውኃ ቀዳሁላቸው። እርስዎ እያልኩ፣ ጎንበስ እያልኩ፣ የማውቀውን በአፌ ይዤ ሸኘኋቸው።

አክብሮት ለካ መደበቂያም ይሆናል።


ሐምሌ 30፣ ሐሙስ፣ 11 ሰ.።

ለአዜብ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ካርዶቹን ስታነብ 8 ሁለት ጊዜ ይመጣባታል፤ 9ም ሁለት ጊዜ። አንዱን ካርድ ደግሜ አስገባሁ ብላ ከሁለቱ አንዱን ስትሰርዝ ነው የከረመችው። ካርዶቹም፣ ዛሬ ያነበበቻቸው የሐምሌዎቹ ጭምር፣ ተጠርገዋል። ቀረ የሚባል ነገር የለም።

«እና አሁን ለኮሚቴው ልትነግር ነው? ሁለታችንንም ታስባርራለህ። ለመሆኑ አስበኸዋል?»

ሌላ ነገር አላስብም።

ኢ/ሩም ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል። ምክራቸው፦ ነገሩን አታጩኸው። በአዲሱ ፕሮግራም 10ን፣ ከዚያ የቀሩትን ሁሉ እንደገና ጫን፤ ከነሐሴ ጀምሮ ሁሉም በየስሙ ይሆናል። ያለፈውን በመስከረም እኔ ራሴ መጥቼ በሪፖርት አስረዳለሁ። እሳቸውም ፈርተዋል፤ ቁጥሩን እንደመጣ የሚቀበለውን መስመር የጻፉት እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው። አልዋሹኝም፤ ቆይ ነው ያሉኝ።

ግን ደረጃ 11 ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ሲጫን ቦርዱ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ቦርዱ ለካርዱ ከሚጽፈው ሌላ የራሱን የመጨረሻ ሦስት ወር በውስጡ ይይዛል። የ11ን እና የ12ን ሳላውቅ አጥፍቻለሁ። የ10 ገና አለ። የአቶ ኪሮስ ማሳ እንዳልዘነበበት የሚመሰክር በዓለም ላይ አንድ ነገር ቢኖር ያቺ ሰሌዳ ናት። በመስከረም የሚሰጥ ዘር ደግሞ ምን ሊያበቅል!


ነሐሴ 1፣ ዓርብ። ፍልሰታ ገባ።

ሌሊቱን አልተኛሁም ብዬ አላማርርም፤ ተኝቻለሁ፣ ያ ነው የገረመኝ። ስነሣ ውሳኔው እዚያው ነበር። ነገ በአይሱዙ ወደ አበርገሌ። ጭኜ ሳይሆን አንብቤ እመለሳለሁ።


ነሐሴ 3፣ እሑድ፣ 8 ሰ.። አበርገሌ።

ሙቀት። ማሽላው ከጉልበት አላለፈም፤ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። ይህን ለማየት ላፕቶፕ አያስፈልግም ነበር።

መለኪያው በእሾህ አጥር ውስጥ ቆሟል፤ አቶ ኪሮስ ዙሪያውን ጠርገውታል። ፍየል እንዳይገባ ማታ ማታ አጥሩን ይዘጋሉ። ባዶ ጽዋ እንዲህ ሲጠበቅ አላየሁም። ከቅዳሴ የተመለሱት ሰዎች ከበቡን። ኬብሉን ሰካሁ። የነበረው ቁጥር 8 ብሎ አሳየ። እንዳሰብኩት። ከዚያ የዝናቡን ቀናት ዘረዘረ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በወረቀት ወደ እኛ መለወጥ ጀመርኩ።

አቶ ኪሮስ አልጠበቁኝም። «እኔ ልንገርህ፤ አንተ ተከተለኝ» አሉ። «የመጀመሪያው የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። አቧራ አጠፋ፤ ሥር አላገኘም።»

ቆጠርኩ። ሰኔ 13። ትንሽ።

«ሁለተኛው የሐምሌ ሥላሴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ። ነጠላችን እንኳ ደርቆ ነው ቤት የገባነው።»

ሐምሌ 7። ከመጀመሪያው ያነሰ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ አንተ ንገረኝ፤ እኔ አላየሁም።»

ከዚያ በታች ባዶ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ባዶ። ማያ ገጹን ወደ እሳቸው አዞርኩት፤ ባያነቡትም ባዶውን አዩት። ለጎረቤቶቻቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁሉም ሳቁ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩ። «ሳጥኑ ከወዲ ጎጃም ይሻላል ነው ያልኩት።»

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ሳጥኑ አልዋሸም፣ ስሙን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ሳልጠይቅ ያለፍኩት እኔ ነኝ፣ በ10 ላይ የተጻፈው ዝናብ የደጋው ነው አልኩ። ሳቁ ቆመ። አንድ ወጣት ወደ እኔ ቀረበ፤ አቶ ኪሮስ በዓይናቸው መለሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

እኔ፣ አዲስ አበባ ያሉት አለቃዬ፣ አዜብ።

«ኮሚቴውስ?»

አያውቅም።

«እንግዲያው ለእኔም ገና አልነገርከኝም።»


ነሐሴ 4፣ ሰኞ፣ 9 ሰ.። ሰቆጣ።

አቶ ኪሮስ አብረውኝ መጥተዋል፤ እዚሁ ዘመድ ቤት ያድራሉ። የ10ን ቦርድ ፈትቼ ይዣለሁ፤ በቦታው በትክክለኛ ቁጥር የተጫነ ትርፍ ቦርድ ተክያለሁ።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ጋሽ አበራ ባስተማሩኝ መልክ ጀመርኩት፤ ሁለት ገጽ ሆነ፤ ጥፋቱ የተነገረው በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ቀደድኩት። አሁን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «በሰኔ ሠንጠረዥ በጣቢያ 10 ስም የቀረበው ዝናብ የጣቢያ 12 ዝናብ ነው፤ ቁጥሮቹን አሳስቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።» የቀረው ማስረጃ ነው። ግማሽ ገጽ።

ለኢ/ሩ ደውዬ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሥራህን ልታጣ እንደምትችል ታውቃለህ አሉ። አውቃለሁ አልኩ። «የፕሮግራሙን ነገር በእኔ ስም...» ብለው ሲጀምሩ መስመሩ ተቋረጠ። ጻፈው ሊሉ ነበር ወይስ አትጻፈው? መስመሩ አልተመለሰም። አልጻፍኩትም፤ ሰው ስለ ራሱ የሚለውን ራሱ ይበለው።

አዜብ ደብዳቤውን አነበበች። «የእኔን ስም አታስገባ» ብላ ወጣች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ ቁጭም አላለች። «አስገባው። ተደጋጋሚውን ማን ሰረዘው ሲሉህ ምን ልትል ነው? መንፈስ ቅዱስ?» የሰኔንም የሐምሌንም ሠንጠረዥ አትማ ከደብዳቤው ጋር አያያዘችው። ማኅተሙንም ራሷ መታችበት።

ይህን ከጨረስኩ በኋላ የምፈራው ነገር አልቀነሰም። ባቡር ሙሉ ፍርሃት አለኝ። ግን እስከ ትናንት የምፈራው እንዳይታወቅብኝ ነበር፤ አሁን የምፈራው እንዳያምኑኝ ነው። ይህኛው ይሻላል። ከዚህኛው ጋር ሰው ፊት መቆም ይቻላል።


ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰ. ከሩብ። በኮሚቴው በር።

አግዳሚ ወንበር ላይ ነን። አቶ ኪሮስ በቀኜ፤ አዜብ ልትመጣ ነው ተብሏል፣ አልደረሰችም። ቦርዱ ጭኔ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። አዲስ ፕሮግራም አልጫንኩበትም። በላዩ ያለውን የተሳሳተ ቁጥር ለማረም ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ ማረምም ሥራዬ ነው። ግን ኮሚቴው በዓይኑ እስኪያየው፣ ዝርዝሩም እስኪስተካከል አልነካውም። እነሱ በቃ እስኪሉ 8 እንደተባለ ይቆያል። ይህን ወስኛለሁ። ለኢ/ሩም እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ውስጥ ያሉት ሰዎች ወጡ። ጸሐፊው አበርገሌ ብሎ ጠራ። ይቅደሙ አባቴ አልኳቸው። አቶ ኪሮስ ከወንበሩ አልተነሡም፤ በበትራቸው በሩን አሳዩኝ።

«አንተ ቅደም። እኔ የዘነበውን ነው የማውቀው፤ ያልዘነበውን የጻፍከው አንተ ነህ።»

እሺ። ልነሣ፤ የቀረውን ስወጣ።